«ወዴት ነው?» የማይባልባት ከተማ

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሩት በሩ ሥር ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር እኔ እንደ ልማዴ ከኩሽና ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና እመላለሳለሁ። ኮቷን ለብሳለች፤ ትልቁን ቦርሳዋን አንግታለች። «ወዴት ነው?» አልኳት። ምንም አስቤ አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። ቀና ብላ አየችኝና «ማሚ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ የምትጠይቂኝ? አይ አም ኖት ኤ ኪድ!» አለችኝ። «ኧረ አልጠየቅኩሽም» ስላት «ጀስት ናው ጠየቅሽኝ እኮ!» ብላ በሩን ዘግታ ወጣች። መኪናዋ ዴንቨር ዳር ካለው ከሞንትቤሎ ሰፈራችን ወጥታ ወደ ትልቁ መንገድ ስትታጠፍ በመስኮት አየኋት። ሰሞኑን ነገረ ሥራዋ አላማረኝም። ክፍሏ ውስጥ መጻሕፍቱ ከመደርደሪያው እየቀነሱ ነው፤ የግድግዳው ሥዕል ወርዷል፤ እኔ ግን እንዳላየ ሰው አልፋለሁ።

እውነቴን ነው፣ አልጠየቅኳትም። ደብረ ሲና ተወልዶ ያደገ ሰው «ወዴት ነው?» ሲል ሰላም ማለቱ ነው። ከተማችን የመንገድ ከተማ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ይወጣባታል፣ ሰው ይወርድባታል፣ አውቶቡስ ቆሞ ቆሎ ይገዛባታል። በር ላይ የተቀመጠ ሰው አላፊውን ሁሉ «ወዴት ነው?» ይላል፤ አላፊውም «እዚህ ድረስ» ይላል። ወፍጮ ቤት ብትሄድ «እዚህ ድረስ»፣ ፍርድ ቤት ብትሄድ «እዚህ ድረስ»፣ ባሏን ጥላ ሻንጣ ይዛ ብትወጣም «እዚህ ድረስ»። ጠያቂው «በይ ደህና ዋይ» ይላል፤ አለቀ። «እዚህ ማለት የት?» ብሎ የሚጨምር ሰው ወይ ነገረኛ ነው፣ ወይ የመንግሥት ሰው ነው። እናቴ እንዲህ ያለውን ሰው ቡና አትጠራውም ነበር።

በዚህ በአሜሪካ ይህን ነገር ሳላስረዳው የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ሐበሻ አይደለችም። ማሪሴል ትባላለች፤ ፊሊፒናዊት ናት፤ ሩት ሳትወለድ፣ የሩትን አባትም ሳላውቀው ነው የተዋወቅነው። ሩት በሩን ዘግታ ስትወጣ የማሪሴል ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ቢሆን ቁጭ ማለት አቃተኝ፤ የታጠበውን ሰሃን መልሼ አጠብኩት።

ያኔ የምኖረው ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ዴንቨር አልቆ ኦሮራ በሚጀምርበት አካባቢ፣ ድሮ ሞቴል የነበረ ቤት ተከፋፍሎ በሚከራይበት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ዛሬ በዚያ ሳልፍ መንገዱ መሃል ለመሃል ተቆፍሮ፣ ብርቱካንማ በርሜል ተደርድሮበት፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ መተላለፊያ አጥታ ስትንፏቀቅ አያለሁ። የማውቃቸው ሱቆች አንድም አልቀሩም። ጥግ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጥ የሐበሻ ሱቅ ነበር፤ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን የምናወጣው፣ ገና እንዴት ናችሁ ብለን ሳንጨርስ «ቀሪ ሂሳብዎ» የምትል ሴትዮ የምትገባበት ካርድ። ከሱቁ ቀጥሎ የዊግ መደብር፣ ከዚያ ዶናት ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ትልቅ ሰልባጅ ቤት ነበር። ከሰልባጁ በአራት ዶላር የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ስንቱን በረዶ አሳልፎኛል! ቁልፎቹ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም፤ የሱፉ ሽታ ዝናብ ሲነካው የበግ በረት ያስታውሰኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ ቲኬት ስትቆርጪ ሾፌሩ ትራንስፈር የምትባል፣ ሳትከፍዪ ዳግም የምታሳፍር ብጣሽ ወረቀት ይሰጥሻል፤ እሷን እንደ ክታብ ጓንትሽ ውስጥ ሸጉጠሽ ትይዣለሽ። አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ነው አሉ። ጓንቱም ጣቱ ቀዳዳ ሆኗል፣ ስልክ ለመንካት።

የምሠራው ከኮልፋክስ በስተደቡብ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር፤ እኛ ነርሲንግ ሆም የምንለው። ሥራው ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው። አንድ ጠዋት አንሶላ ታቅፌ በኮሪደሩ ስሮጥ (እኔ መራመድ አላውቅም፤ ወይ እሮጣለሁ ወይ እተኛለሁ) አዲስ የተቀጠረች አጠር ያለች ልጅ ከፊቴ መጣች። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የወንድ የሥራ ጃኬት ለብሳለች፤ ደረቱ ላይ «ዴቭ» የሚል ስም ተጠልፎበታል። ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ «ወዴት ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። እኔም ሳላስብ በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «እዚህ ድረስ» ብያት አለፍኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ቆምኩ። ዞር ስል እሷም ቆማለች።

«ምን አልሽኝ?» አለች።

«አንቺስ ምን አልሽኝ?»

በእነሱ ቋንቋ «ሳአን ካ ፑፑንታ» ይባላል አለችኝ፤ ወዴት ትሄጃለሽ ማለት ነው። መልሱ «ዲያን ላንግ» ነው፤ እዚያ ጋ ብቻ ማለት። «ማንም እውነቱን አይናገርም እኮ! ጠያቂውም እንዲነገረው አይፈልግም» ስትለኝ አንሶላው ከእጄ ወደቀ። እንደ እብድ ሳቅን። አለቃችን ሱፐርቫይዘሯ ከቢሮዋ ብቅ ብላ ምን እንደሚያስቀን ስትጠይቀን ሁለታችንም ማስረዳት አቃተን፤ የወደቀውን አንሶላ መልሼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ላክሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሽ እህት አገኘሁ። «አቴ» ነበር የምትለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔ ግን «እቴ» ነበር የሚሰማኝ፤ እንደ እናቴ አጠራር። ጃኬቱ ከዚያው ከእኔው ሰልባጅ ቤት የተገዛ ነው፤ በሸራ ጫማና በስስ ሹራብ መጥታ በረዶ ሲቀበላት ያገኘችው እሱን ብቻ ነበር። ዴቭ ማሞቂያ ጠጋኝ ሳይሆን አይቀርም፤ ኪሱ ውስጥ ብሎን አግኝተንበታል። መጦሪያው ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች በሙሉ «ዴቭ! ነይ እስቲ» ይሏታል፤ እሷም «አቤት» ትላለች። ከሰፈሯ በነርስነት ለመመረቅ የመጀመሪያዋ ልጅ ነበረች። ከደሴቷ በጀልባ ተሻግራ የተማረችበት ከተማ እንኳን ሁሉም የሚተዋወቅበት ነበር፤ ትልቅ ከተማ ብላ ያየችው ዴንቨርን ነው። ዲግሪዋ እዚህ የሚሠራው ፈተና ስታልፍ ስለሆነ እስከዚያው እንደ እኔ ረዳት ሆና ገባች፤ እሱም በሙከራ ጊዜ።

ያን ሥራ የያዘችው አጥብቃ ነው። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ እኔ ክፍል ገብታ አብረን መኖር ከጀመርን በኋላ፣ ሹሩባ ልሠራት አስቀምጫት ነው። እናቷ ቀድማ መጥታ በሌላ ስቴት አሜሪካዊ አግብታለች፤ ወረቀቷንም ጨርሳ ያስመጣቻት እሷ ናት። «እዚያ ቤት መኖር አልቻልኩም» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «እንጀራ አባቴ ስገባም ስወጣም ወዴት ነው ይለኛል። የእሱ ግን ሰላምታ አይደለም፣ አቴ። ሰዓቱን ያያል። መንገዱን ያስቆጥረኛል።» ሌላ ጉንጉን ጀመርኩ። «ይህ ሥራ ከሄደ የምመለሰው እሱ ጋ ነው» አለች። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ የእሷ የሙከራ ጊዜ የእኔም የሙከራ ጊዜ ሆነ፤ ሱፐርቫይዘሯ ስሟን በጠራች ቁጥር እኔ እደነግጥ ነበር።

የዕረፍት ቀናችን ግን ዕረፍት አልነበረውም። ቤት መቀመጥ አትችልም፤ እኔም አልችልም። እሷ የምትወደውን የፍቅር ዘፈን ካሴት በትንሿ ቴፓችን ከፍታ ቆማ ትሰማለች፤ ካሴቱ ሳይገለበጥ ጫማዋን አድርጋለች። አሥራ አምስት ቁጥርን ከዳር እስከ ዳር ተሳፍረን፣ መጨረሻው ላይ ወርደን፣ በዚያችው ትራንስፈር ተመልሰን እንመጣለን። የምንሄድበት ቦታ የለንም፤ መሄድ ብቻ። ማሪሴል አጠገቧ የተቀመጠውን ሁሉ «ወዴት ነው?» ትላለች። አንዳንዱ ጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል፤ አንዷ ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወንበር ቀየረች። ሰካራሞቹ ብቻ በደንብ ይመልሱላታል፤ እስከ ልጅነታቸው ወደኋላ ሄደው ነው የሚነግሯት። «ተይ ማሪሴል፣ እዚህ አገር እንዲህ አይጠየቅም» ስላት ፊቷ ጨለመ። «እኛ ጋ ከቤት እስከ ገበያ ስሄድ በየበሩ ነው የምጠየቀው» አለችኝ። «እዚህ ሙሉውን ኮልፋክስ በእግሬ ብሄድ አንድ ሰው ወዴት ነሽ አይለኝም። አንዳንዴ እጄን አያለሁ፣ አለሁ ወይ ብዬ።» እኔም ከእሷ በፊት እንዲሁ ሆኜ ነው የከረምኩት፤ ስሙን ግን አላወቅኩትም ነበር።

ታዲያ ጉድ የፈላው በዚህችው ጥያቄ ነው። ሚስ ዶሪስ የሚሏት አሮጊት ነበረች፤ በተሽከርካሪ ወንበር ከመስኮት ሥር የምትውል፣ መኪና ማቆሚያውን ስታይ የሚመሽባት። ማሪሴል ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች «ሚስ ዶሪስ፣ ዛሬስ ወዴት ነው?» ትላታለች። አንድ ቀን ዶሪስ «ዳንስ ቤት» አለች። ሌላ ጊዜ «ፑዌብሎ፣ እህቴ ጋ» አለች፤ እህቷ ከሞተች ቆይታለች። ከዚያ በየቀኑ የምትሄድበት ቦታ አገኘች፤ ከንፈሯን ቀለም መቀባት ጀመረች። ልጇ ከሊትልተን እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ፣ የመኪና ቁልፏን ይዛ ቆማ፣ ትንሽ ቆይታ ትወጣለች። ስትወጣ ማሪሴል በፈገግታ «ማም፣ ወዴት ነው?» ትላታለች። አንድ እሁድ «ቤቴ» አለቻት ሴትዮዋ። በሌላው እሁድ ሳትመልስ አለፈች። በሦስተኛው ቀጥ ብላ ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ገባችና «ያቺ ልጅ እናቴን ጥዬ መሄዴን እየቆጠረችብኝ ነው» ብላ ከሰሰች።

ሰኞ ማሪሴል ተጠራች። እኔም ሳልጠራ ተከትያት ገባሁ። «አንቺን ማን ጠራሽ?» አለች ሱፐርቫይዘሯ። «ማንም» ብዬ ቆምኩ። ማሪሴል ጃኬቷን ዴቭን እስከ አገጯ ዘግታዋለች። እኔ ነኝ የለፈለፍኩት። «እናንተ ሃው አር ዩ ትላላችሁ፤ መልሱን ሳትጠብቁ ታልፋላችሁ፤ የእኛም እንደዚያው ነው፤ ወዴት ነው ማለት አየሁሽ ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም» አልኩ። ሱፐርቫይዘሯ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየችና «ሁለታችሁ አንድ አገር ናችሁ እንዴ?» አለች። «በዚህስ አዎ» አልኳት። ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ሥራዋ ነው። «ሥራሽን አልነካም» አለቻት ማሪሴልን። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ማንንም እንዲህ እንዳትጠይቂ። ቤተሰብንም፣ ሕሙማኑንም። ሕሙማኑማ የትም አይሄዱም፤ እነሱን ወዴት ነው ማለት ጭካኔ ነው።»

ሥራው ተረፈ። ወደ እንጀራ አባቷ ቤት መመለስ ቀረላት፤ እኔም እልል ልል ቃጣኝ። በማግስቱ ግን በኮሪደሩ ስንተላለፍ «ሃይ፣ ሃው አር ዩ?» አለችኝ። እኔን! አውቶቡስ ውስጥም ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ መስኮቱን ማየት ጀመረች። «አሁን አሜሪካ ገባሁ» አለችኝ አንድ ቀን፤ እየሳቀች አልነበረም። ሰው ከተማ ለመደ የሚባለው ይህ ከሆነ ምነው ባልለመደችው አልኩ በሆዴ።

ዶሪስ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯ እየተበጠረ ጥያቄውን ትጠብቃለች፤ አይመጣም። ከንፈር ቀለሙን ተወችው፤ ምግብም ገፋች። አንድ እሁድ ልጇ መጥታ እንደ ልማዷ ቆማ «እማ፣ ምን ሆነሻል?» ስትላት እኔ አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። ዶሪስ ፊቷን ሳታዞር «ወዴት ነው የሚለኝ ሰው ጠፋ» አለች። «ድሮ ዴቭ ትጠይቀኝ ነበር። ስንት ቦታ ሄጃለሁ።» ቁልፉ ልጅዬዋ እጅ ላይ መንቀጫቀጩን አቆመ። ከዚያ ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው፤ ያን ቀን የለበሰችውን ሹራብ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፣ አረንጓዴ ነበር። እናትዬዋን «እሺ፣ ፑዌብሎ ውስጥ ምን አለ?» ብላ ስትቀመጥ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ስትሄድ ማሪሴልን በኮሪደሩ አገኘቻት። ማሪሴል አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል አስቆመቻትና «ወደ ሊትልተን ነው የምሄደው» አለቻት። ይቅርታ አላለችም። ጥቂት ሄዳ ዞረችና «እናቴን ጠይቂያት እባክሽ። ለቢሮው እኔ እነግራለሁ» አለች።

ዶሪስ እስከ ጸደይ ድረስ ስትሄድ ከረመች፤ ከዚያ አረፈች። ማሪሴል ፈተናውን አለፈች። ነርስ ሆነሽ እዚሁ ትቆያለሽ ብዬ በልቤ ትልቅ ቤት ተከራይቼ ነበር፤ እሷ ግን መጫሚያዋን ካደረገች ቆይታለች። ሁለት ቦታ ሥራ ይሰጡኛል፣ አልወሰንኩም አለችኝ። መሃል ከተማ የአውቶቡስ ጣቢያ ድረስ በአሥራ አምስት ሸኘኋት። ዴቭን ለብሳዋለች፤ ሙቀት ቢሆንም አላወለቀችውም። ሻንጣዋ ከተጫነ በኋላ እንባዬን ለመደበቅ ስቀልድ በአማርኛ «ወዴት ነው?» አልኳት። እሷም ያስተማርኳትን አማርኛ አሳምራ «እዚህ ድረስ» አለችኝ። ተሳሳቅን፤ ተቃቀፍን፤ አውቶቡሱ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ ደወለች፤ ከኋላዋ የመኪና ጩኸት አለ። «ደረስኩ አቴ» አለችኝ። «እሰይ» አልኳት። የት እንደደረሰች አልጠየቅኳትም፤ አይጠየቅማ! ከዚያ ቤት ቀየርኩ፣ ስልኬ ተቀየረ፣ የእሷም ቁጥር አይሠራም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ኮልፋክስ ላይ ሰፊ ጃኬት የለበሰች አጭር ሴት ካየሁ ደረቷ ላይ ያለውን ለማንበብ አንገቴን አሰግጋለሁ። ትናፍቀኛለች። የት እንዳለች ባውቅ ኖሮ ዛሬውኑ ጫማዬን አድርጌ እሄድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሩት ተመለሰች። ቀጥታ ክፍሏ ገብታ አንድ ሌላ ሻንጣ እየጎተተች ወጥታ የውጭውን በር ከፈተች፤ ኮቷን አላወለቀችም፣ የመኪና ቁልፏ እጇ ላይ ነው። እኔ እንዳላየ ሰው ወደ ኩሽና ልዞር ስል ጠዋት ስለጮኸችብኝ ጸጽቷት ነው መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት በዚያ በተኮላተፈ አማርኛዋ፣ እኔ ስልክ ላይ ወዴት ነሽ ሲሉኝ የምለውን ቀድታ፣ «እሺ ማሚ፣ እዚህ ድረስ ነው» አለችኝና ሳቀች። እኔም «በይ ደህና ዋይ» ልላት አፌን ከፈትኩ። እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ እንደ አገሬ ሰው።

«እዚህ ማለት የት ነው፣ ሩትዬ?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ቁልፉን ተመለከተች፤ ሻንጣውን ተመለከተች፤ እኔን አየችኝ። በሩን እንደ ገና ዘጋችው። ኮቷን አወለቀችና «ቁጭ በይ ማሚ፣ ልንገርሽ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ።